የቅዳሜው ጢም

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ላባው» ይለዋል፤ ምላጩ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ ላባ የነካቸው ስለሚመስላቸው ያወጡለት ስም ነው። እኔ ታናሽ እህቱ በዚያው ሱቅ ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶቹን ፀጉር እሠራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ፊቱን ያየሁት በጥቂቱ ነው፤ ድምፁን ግን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። መጋረጃው ቡናማ ነው፣ የታችኛው ጠርዙ በፀጉር ቀለም ተበላሽቷል፣ ወሬ ደግሞ ጨርሶ አያግድም። ወንዶች ሐሜት የሴት ሥራ ነው ሲሉ እሰማለሁ። አንድ ቀን ብቻ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጉድ ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

ሙያውን ግን አላማም፤ እሱን ካማሁ ምላሴ ይታሰር። አንድ ምላጭ አለው፣ ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሲሞቱ የተዉለት፣ እጀታው ጥቁር ቀንድ የሆነ። ለማንም አያስነካም። አንድ ጊዜ ክር ልቆርጥበት ብዬ ባነሳው ሕፃን የጣልኩበት ይመስል ጮኸብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለልደቱ የኤሌክትሪክ የጢም መላጫ ማሽን ገዛሁለት። አመሰገነኝ፣ ሳጥኑን ከፍቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ «ይሄማ ሣር ማጨጃ ነው» አለና ከታችኛው መሳቢያ ከተተው። የተጠቀለለበትን ላስቲክ እንኳ አልላጠውም።

ሰው ከመላጨቱ በፊት ምላጩን ከወንበሩ ጎን በተንጠለጠለው ቆዳ ላይ ያስለዋል። ሹክ፣ ሹክ፣ ስምንት ጊዜ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስምንት ነበር። እኔም ከወዲያ ሆኜ ሳላስበው እቆጥራለሁ፤ ከስምንተኛው በኋላ ጸጥ ሲል ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ስምንቱ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ሃያ። አንድ ቀን ሠላሳ አራት ቆጠርኩና ምን ነካው ብዬ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግኩ። ደንበኛው ፊቱን በሙቅ ፎጣ ተሸፍኖ ጋደም ብሏል። ወንድሜ ምላጩን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል፤ ዓይኑ ግን ምላጩ ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። እስኪቆምለት እየጠበቀ ነበር።

መጋረጃውን ቀስ ብዬ መለስኩት። ቀለም የምቀባት ሴትዮ «ምነው ዝም አልሽ?» ብትለኝ «ቀለሙ እንዳይፈስብሽ ነው» አልኳት።

የላባው ስሙም እንጀራውም እጁ ነው። እጁ ከሄደ ምን ይቀረዋል? እሱም ይህንኑ ያስባል፣ እኔም ይህንኑ አስባለሁ፣ ሁለታችንም ትንፍሽ አንልም። ጢም ሊላጭ የሚመጣውን ሁሉ «ዛሬ ምላጩ አልተሳለም» እያለ መመለስ ጀመረ። ሠላሳ አራት ጊዜ የተሳለ ምላጭ! ለፀጉር በማሽን ስለሚሠራ መንቀጥቀጡ ብዙም አይታወቅም። ሰውም ጠባዩ ተለወጠ ብሎ ጢሙን እቤቱ መላጨት ለመደ። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር።

ያ ሰው መምህሩ ናቸው። ለእኔም ለወንድሜም ሒሳብ ያስተማሩን፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ። ቅዳሜ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከዘራቸው የበሩ ደፍ ላይ ቷ ይላል። ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ድሮ ወሬያቸው ለጉድ ነበር። ከኳስ ጀምረው ሦስት ማዕዘን ላይ ይደርሳሉ፤ ወንድሜም ምላጩን አየር ላይ ይዞ ዓረፍተ ነገራቸው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ቃል አይተነፍሱም። እርጅና ነው አልን። ወንድሜ ሌላውን ሰው ሁሉ ሲመልስ የመምህሩን ጢም ግን አልተወም። እሱን ከተወ ላባው መባሉ ያበቃለታል።

በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ትሑት። «ክፉው በሽታ አይደለም» አለው። «አንዳንድ ሰው እጁ እንዲህ ይሆናል። ሲጨነቁበት ይብስብዎታል። ክኒን አለ፣ ይረዳዎታል። ደግሞ አእምሮዎን የሚያሳርፍ ነገር ይፈልጉ።» ክኒኑ ግማሽ ያህል ረዳው። የዚያን ዕለት ከሐኪሙ ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ይነጫነጭ ነበር።

«የእኔን አእምሮ ምን አደከመው? እኔ እንደሆን ቀኑን ሙሉ የምሠራው የሰው ጭንቅላት ላይ ነው።»

ከሱቃችን ሁለት በር አልፎ ዳቦ ቤት አለ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ፣ እኛ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ዮጋ ያስተምራሉ። ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ምጥ የያዛቸውን ሴቶች «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» ሲሉ ኖሩ። ወገባቸው አላስቆም አላስቀምጥ ሲላቸው ዮጋ ተማሩ፣ ከዚያ የቡድሃን ትምህርት አነበቡ፣ ሁለቱን አስጠግተው ያዙና አሁን ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ያስተነፍሳሉ።

ወንድሜ ብቻዬን አልሄድም ስላለ የመጀመሪያውን ቀን አብሬው ሄድኩ። ዘጠኝ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መስኮቱ አጠገብ አንድ የደረቀ አበባ ተቀምጧል፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሽቅብ ይመጣል። ዓይናችንን ጨፍነን ምኞትን ስለ መተው ስንሰማ የዘጠኛችንም ሆድ ይጮኻል።

«ዮጋ ማለት መተጣጠፍ መስሏችሁ ከመጣችሁ ታዝናላችሁ» አሉ ሲስተር። «ቃሉ ከቀንበር ጋር ዘመድ ነው። ሰውነትንና ልብን ማጣመር ነው። ስምንት እርከን አለው፤ መተጣጠፉ ገና ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ከሰው ጋር እንዴት ልኑር የሚለው ነው። አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ ሙጭጭ ብሎ አለመያዝ። ሁለተኛው ከራሴ ጋር እንዴት ልኑር ነው...»

ሁለተኛውን አልሰማሁትም። ከታች ዳቦው እየወጣ ነበር።

ስመለስ ቡድሃ ላይ ደርሰዋል። «እሱ ደግሞ እንደ ሐኪም ነው የተናገረው» ይላሉ። «አንደኛ፣ ሕመም አለ አለ። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ የሚያልፈውን ነገር እንዳያልፍ ሙጭጭ ብሎ መያዝ ነው። ሦስተኛ፣ ይድናል። አራተኛ፣ መድኃኒቱ ይኸውላችሁ ብሎ እሱም ስምንት ነገር ዘረዘረ።»

አንዲት ልብስ ሰፊ «ታዲያ ሁለቱ አንድ አይደሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ጎረቤታሞች ናቸው» አሉ ሲስተር። «አጥር ይጋራሉ፣ ቤታቸው ለየቅል ነው። ዮጋ፣ ሰው ውስጥ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ ይላል። ቡድሃ፣ ፈልጌ አጣሁት ይላል። በዚህ ሲከራከሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆናቸው፤ እኛ ዛሬ አናስታርቃቸውም። ይልቅ ሁላችሁም ከኪሳችሁ አንድ ነገር አውጡና ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙ።»

ወንድሜ ከኪሱ ማበጠሪያ አወጣ። ባጠበቀው ቁጥር ማበጠሪያው ይርገበገባል። ሲስተር አጠገቡ መጥተው ቆሙ፣ አዩት፣ አለፉ። «አሁን ልቀቁ» አሉ። «ጣሉት አላልኩም። እንዲያው መዳፋችሁ ላይ ይቀመጥ።» ማበጠሪያው መዳፉ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ወንድሜ ዓይኑን ከሱ ላይ ማንሳት አቃተው።

በመጨረሻ በጀርባችን ተኝተን ትንፋሻችንን እንድናዳምጥ ታዘዝን። ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ ማለት ብቻ ነው፤ ሐሳብ ከመጣ ሳይሰድቡት ሸኝቶ ወደ ትንፋሽ መመለስ። እኔ ሦስት ጊዜ ያህል ተመለስኩ። አራተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የራሴ ማንኮራፋት ሲቀሰቅሰኝ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። «ስምንተኛው እርከን ጥልቅ ተመስጦ ነው» አሉ ሲስተር ለወንድሜ፣ «እህትህ በአንድ ቀን ደርሳበታለች።» ከዚያ ወዲህ እግሬን አላነሳሁም። እሱ ግን አንድ ቀን አልቀረም።

ለውጥ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይተነፍሳል። እጁ አልዳነም፤ ግን አንዳንድ ቅዳሜ ሃያ ስቆጥር ይቆምለታል። ችግሩ ሌላ ነው። ወንድሜ ነገር ከያዘ ዳር ሳያደርስ አይለቅም። ሲስተር የዘረዘሩትን በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ ሊኖረው ተነሣ። የሳምንቱን ደንብ በሳሙና መስተዋቱ ላይ ይጽፈዋል፤ እኔ አጠፋዋለሁ፤ መልሶ ይጽፈዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት «አሂምሳ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። አለመጉዳት ማለት ነው። ሱቃችን የዝንብ መናኸሪያ ሆነ። ዝንብ መግደል ቀረና በፎጣ ማጀብ መጣ። «ውጣ በል ወንድሜ፣ በዚህ በኩል» ይለዋል፣ በሩን ከፍቶለት። እሱ አንዱን ሲያስወጣ በተከፈተው በር አምስት ይገባሉ።

ይሁን፣ ዝንብ ነው። ጉድ የፈላው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ «ሳትያ» ብሎ የጻፈ ቀን። እውነት መናገር። ሌላ ባለሙያ እውነት ልናገር ቢል ማን ይጎዳል? ፀጉር አስተካካይ ግን የሚኖረው በትንንሽ ውሸት ነው። ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣው መስተዋቱ ያልነገረውን ደህና ነገር ከእኛ አፍ ሊሰማ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ከግራ ጆሮው በላይ ያሳደጋትን ጥቂት ፀጉር ጎትቶ መላጣውን አሻግሮ ቀኝ ጆሮው ላይ ያስተኛታል። አሥር ዓመት ሙሉ ወንድሜ በጥንቃቄ ሲያስተኛለት ኖሯል።

«እንዴት ነው፣ ይታያል?» አለ እንደ ልማዱ።

«ይታያል» አለ ወንድሜ።

«ምኑ?»

«መላጣህ። ሰው ሁሉ ያውቃል። ንፋስ ሲነሣማ ሁለት ጊዜ ይታያል።»

ከመጋረጃው ወዲያ አፌን በእጄ ያዝኩ። ዳቦ ጋጋሪው ፎጣውን ከአንገቱ ላይ ራሱ ፈቶ ወጣ። ቀጥሎ ታክሲ ነጂው መጣ፤ ሲጨርስ መስተዋቱን አይቶ «እህ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት አልቀነስኩም?» ቢለው፣ ወንድሜ ትንሽ አሰበና «ሁለት ሳምንት ያህል» አለው። በማግስቱ አንድ ሙሽራ ገባ፣ ከሰዓት በኋላ ሠርጉ ነው። «ምን እመስላለሁ?» አለ። «የፈራ ሰው» አለው ወንድሜ። ሙሽራው በረጅሙ ተነፈሰና «በጣም ፈርቻለሁ» አለ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሲወጣ ወንድሜን አቅፎ ሳመው። ይኸኛውን አልክድም፣ ደስ አለኝ። ግን ሙሽራ በየቀኑ አይመጣም። ሐሙስ ዕለት ወንበሩ ባዶውን ዋለ፤ ዝንቦቹ ብቻ ነበሩ ደንበኞቹ።

ሲስተር ፀጉራቸውን የሚሠሩት እኔ ዘንድ ነው። ዓርብ ዕለት ራሳቸውን ቀለም ቀብቼ አስቀምጫቸው ሳለ ከወዲያ አንድ ቀራጭ የጆሮው ፀጉር እንዴት እንደሆነ ሲነገረው ሰሙ። ቀራጩ እየተሳደበ ወጣ። ሲስተር ከነቀለማቸው ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እውነት እየተናገርኩ ነው፣ ሲስተር። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ስንተኛ ላይ ነው እውነት?»

«ሁለተኛ።»

«የመጀመሪያው ምን ነበር?»

«አለመጉዳት።»

«ታዲያ በተርታ የተቀመጡት ለምን ይመስልሃል? ሁለተኛውን ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት የመጀመሪያውን ትጠይቀዋለህ። ቡድሃም ቢሆን አነጋገርህ ይቅና ይበል እንጂ ያየኸውን ሁሉ ዘርግፍ አላለም። ይጠቅማል? ጊዜው ነው? በደግነት ነው? እኔ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ገና ብዙ ሰዓት ይቀርሻል ብላት እውነት ነው። አልላትም። አሁን ይችን አንዷን ተንፍሺ ነው የምላት። እሱም እውነት ነው።»

ወንድሜ ኩም አለ። በጆሮው ፀጉር የተቆጣውን ቀራጭ ተከትሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ በሩ ሄደ። ሲስተር ግን አልጨረሱም። ቀለሙ ወደ ግንባራቸው እየወረደ ነው፣ እኔ ፎጣ ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ።

«ደግሞ ሰፈሩ ራስ ላይ ያለውን እውነት ሁሉ ተናገርክ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ ዘንድ ያለውንስ?»

እጁን አዩት። ወንድሜ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። እኔ ወለሉን አየሁ፤ ምክንያቱም ያን እጅ አውቄ ዓመት ሙሉ የተለጎምኩት እኔም ነኝ።

ሲስተር ከሄዱ በኋላ ወንድሜ የተናገረው ስለ መምህሩ ነው። «እኛ የምንንፈራገጥለትን እሳቸው ሳይማሩ አግኝተውታል» አለኝ። «ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አይተሻቸዋል? ዐይናቸው አይርገበገብ፣ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስ። ለሲስተር ነግሬያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ተመስጦ በመጽሐፍ ነው ያነበብኩት አሉኝ።» እኔም እውነቱን ነው ብዬ አመንኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የመምህሩ ልጅ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ወሬ በወሬ ላይ ስናነሣ ስለ አባቷ ጠየቅኳት። «ከልብ ሕመሙ ወዲህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀምሯል» አለች። «ባለፈው ሽንኩርት ስከትፍ ልርዳሽ ብሎ ጣቱን ትንሽ ቢነካው ደሙ እምቢ አለን። ፎጣ ሙሉ ነው ያፈሰሰው።» ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ልጅቷ ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

ሱቅ ስንዘጋ አላስችል አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ መምህሩን አትላጭ።»

«ምን ሆኑ?»

ነገርኩት። መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ።

«እና ምን ልበላቸው? ምላጩ አልተሳለም?»

«እሱንማ ለሰው ሁሉ ብለህ ጨርሰኸዋል። እውነቱን በላቸው።»

«እውነቱን ካልኩ ቅዳሜም ቀረችብኝ ማለት ነው» አለ። «አንቺ ምን አለብሽ። እኔ ግን ከነገ ወዲያ ማነኝ?»

ደሜ ፈላ። «ለዝንብ በር የምትከፍት ሰውዬ ለመምህርህ አንገት አትራራም?» አልኩት።

እሱ የወደቀውን ፀጉር ጠርጎ ጠርጎ ምንም ከሌለበት ወለል ላይ መጥረጉን ቀጠለ። እቤቴ ገብቼ በተናገርኩት ስጸጸት አመሸሁ፤ ግን ልመልሰው አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከዘራው ደፉ ላይ ቷ አለ። እኔ የልብስ ሰፊዋን ፀጉር ግማሹን በቢጎዲን ጠቅልያለሁ። መምህሩ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ ተቀመጡ። ሙቁ ፎጣ ተጨመቀ፣ ፊታቸው ላይ ተደረገ። ከዚያ ቆዳው ሹክ ማለት ጀመረ። ስምንት። እጆቼ ልብስ ሰፊዋ ራስ ላይ ቆሙ። ሃያ። ሠላሳ አራት። አርባ አንድ ላይ ቆመ። ከዚያ የሰማሁት ምላጩ እጀታው ውስጥ ሲታጠፍ ነው፣ ቀጭ ብሎ። ቀጥሎ አንድ ረጅም ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ።

«መምህር» አለ ወንድሜ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገረኝ» አሉ ከፎጣው ሥር።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓመት አለፈው። ሰው እንዳያውቅብኝ ደብቄ ነው። እርስዎም ላይ ደብቄ ነው። ዛሬ በምላጭ አልላጭዎትም።»

መምህሩ ፎጣውን ከፊታቸው ላይ አነሡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ጠራ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ካለፈው ክረምት ጀምሮ። ጉንጬ ላይ ሲያርፍ የማይታወቀኝ መሰለህ? ሃያ ዓመት የኖርኩበት እጅ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ? ያውም በዚህ መድኃኒት!»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ በመስተዋቱ ታየኛለች፤ እኔ አላየኋትም።

«ሌላውን ሰው ሁሉ ስትመልስ አየሁ» አሉ መምህሩ። «እኔን አልመለስከኝም። እኔ ደግሞ ብቀር፣ በቃ እጄ አለቀ ብለህ ሱቁን ትዘጋለህ ብዬ ሰጋሁ። ልጄ አትሂድ ብላኝ ነበር፤ እየደበቅኳት ነው የምመጣው።»

«ያን ያህል ጊዜ! ቃል ሳይተነፍሱ!»

«ምን ብዬ ልተንፍስ? አፌን ካንቀሳቀስኩ ትቆርጠኛለህ። ትንፋሼን ይዤ እኮ ነው የምቀመጠው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትንሽ ሲቀራት ነው ጨረስኩ የምትለኝ።»

«እኔ ደግሞ ተመስጦ መስሎኝ!» አለ ወንድሜ። «ለሲስተር እንኳ ነግሬያቸው!»

«ምን ተመስጦ አመጣህ! ፍርሃት ነው እንጂ።»

ወንድሜ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ብቻ ነበር፣ ከዚያ ከሆዱ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። ወንድሜ ሲያለቅስ የሰማሁት እናታችን የሞተች ቀን ብቻ ነው። አንጀቴን በላው። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትል የያዘችውን መሐረብ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ፤ እኔም ፊቴ መርጠቡን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ የታችኛው መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። መሳቢያውን አውቀዋለሁ፣ እንጨቱ ያብጥና ሁለት ጊዜ ካልተጎተተ አይወጣም። ሁለት ጊዜ ጎተተው። ላስቲክ ሲቀደድ ተንኮሻኮሸ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ።

«እህቴ የሰጠችኝ ሣር ማጨጃ ነው። እጄ ቢንቀጠቀጥም አይቆርጥዎትም። እንደ ምላጩ አያለሰልስም ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት።»

«እኔ ለልስላሴው መሰለህ የምመጣው?» አሉ። «በል አብራው።»

ማሽኑ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግኩ። የቀንድ እጀታ ያለው ምላጭ ታጥፎ መስተዋቱ ሥር ተቀምጧል። የወንድሜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑም አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ የመምህሩ ጢም እየታጨደ ይወርዳል። መምህሩ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ማሽኑ ጉንጫቸው ላይ እንዳረፈ አፋቸው ተከፈተ። ባለፈው ዓመት ስለተሸነፈው ቡድን ጀመሩ፣ ስለ በረኛው፣ ስለ ዳኛው፣ ኳሷ በየትኛው ማዕዘን መመታት እንደነበረባት፣ ከዚያ ወደ ሐኪማቸው ዞሩ፣ ከሐኪማቸው ወደ አማቻቸው፣ የዓመት ወሬ ነው የተጠራቀመው።

«መምህር» አለ ወንድሜ፣ ማሽኑን አየር ላይ ይዞ እየጠበቀ፣ «እባክዎ አንዴ ዝም ይበሉልኝ፣ ከንፈርዎ ላይ ደርሻለሁ።»

«አልልም» አሉ መምህሩ፣ ወሬያቸውንም ቀጠሉ።